የትራይፍል ታሪክና የእኛ ደብተር

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከአባሎቻችን አንዷ እናቷ ይሠሩት የነበረውን ቀዝቃዛ ጣፋጭ ሠርታ አመጣችልን። እናቷ አዲስ አበባ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ለብዙ ዓመታት በወጥ ቤትነት ሠርተዋል። ትራይፍል የሚባለውን ይህን ጣፋጭ የተማሩት እዚያ ነው። ቀምሰን ስናበቃ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዶቻችን «የእንግሊዞች ነው» አልን፤ እሷ ግን «የእናቴ ነው» አለች። ታሪኩን ስናጣራ ሁለቱም እውነት ሆኖ አገኘነው።

ትራይፍል በእንግሊዝ አገር በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲጻፍ የተደራረበ አልነበረም፤ በስኳር፣ በዝንጅብልና በጽጌረዳ ውሃ የጣፈጠ ወፍራም ክሬም ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን በወይን ጠጅ የራሰ ብስኩት ከሥር፣ ካስተርድ ከመካከል፣ የተመታ ክሬም ከላይ ሆኖ የዛሬውን መልክ ያዘ። ይህን ከጻፉት ሴቶች አንዷ ሐና ግላስ ናት። በ1747 እ.ኤ.አ. የታተመው የምግብ አሠራር መጽሐፏ ስሟን አልያዘም፤ «በአንዲት እመቤት» ይላል እንጂ። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፤ የጻፈው ወንድ ሐኪም ነው ያሉም ነበሩ። እሷ በ1754 ከስራ የመጽሐፏን መብት ሸጠች፤ በ1757 ደግሞ በዕዳ ታሰረች።

በ1837 የበርሚንግሃሙ መድኃኒት ቀማሚ አልፍሬድ በርድ፣ ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት፣ ያለ እንቁላል በበቆሎ ስታርች የሚወፍር የካስተርድ ዱቄት ሠራ። ዱቄቱ የእሱን ስም ይዞ ዓለምን ዞረ። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ካስተርድም አሠራሩ ያው ነው።

የአባላችን እናትም በዚሁ ዱቄት ነው የሠሩት፤ የለወጡት ግን አለ። ወይን ጠጁን ትተው ብስኩቱን በብርቱካን ጭማቂ አራሱት፤ ሙዝም ጨመሩበት። በጾም ወተቱን በተፈጨ ለውዝ ወተት ተክተው፣ የጾም ብስኩት ፈልገው ለቤታቸው ሠሩ። ይህ የአሠሪዎቻቸው ሳይሆን የእሳቸው ሥራ ነው፤ ግን የትም አልተጻፈም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ1 ሊትር ወተት 5 የሾርባ ማንኪያ የካስተርድ ዱቄትና 4 ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ዱቄቱና ስኳሩ አስቀድሞ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት ይበጠበጣል፤ ደረቁን ዱቄት በትኩስ ወተት ላይ ከጨመርነው ይጓጉላል። የቀረው ወተት ሲፈላ ብጥብጡን እየጨመርን እስኪወፍር እናማስላለን። ብስኩቱን ደርድረን ጭማቂውን እናርከፈክፍበታለን፤ ሎሚ የነካውን ሙዝ እናስከትልና ለብ ያለውን ካስተርድ እናፈስበታለን። እንዲሁ ደግመን እንደራርበውና ቢያንስ 4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ እናቆየዋለን። ቸኩለን ካወጣነው ሲቆረስ ይፈርሳል።

ደጋፊዎቻችን በሰጡን ፍሪጅ ይህን በኩባያ እየሠራን ለመሸጥ ከቁጠባችን መነሻ ገንዘብ ልናወጣ ስንመክር፣ አንዳንዶቻችን «የማኅበሩ ጣፋጭ ተብሎ ይሸጥ» አልን። አባላችን ዝም አለች። ዝምታዋ የገባን የሐና ግላስን ታሪክ ካነበብን በኋላ ነው። እኛው ሴቶቹ ሌላዋን «አንዲት እመቤት» ልናደርጋት ነበር።

ስለዚህ ተስማማን፤ በአሠራር ደብተራችን ላይም ሆነ በኩባያው ላይ የእናትየዋ ስም ይጻፋል፤ ከትርፉም ድርሻቸው ይታሰባል። እዚህ ስማቸውን ያላነሣነው ገና ስላላስፈቀድናቸው ነው። በመጪው ቅዳሜ ትራይፍሉን ይዘን ቤታቸው እንሄዳለን፤ ቀምሰው «ይህማ የእኔ ነው» ካሉ ስማቸውን እንጽፋለን፤ ካላሉም የጎደለውን አርመው ያስተምሩናል።