ቀሪ ክሎሪን፦ ከውሃው ውስጥ ተርፎ የሚጠብቀው

ፑል ቴስተር ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ከስሟ እንደሚታወቀው የተሠራችው ለመዋኛ ገንዳ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ጅጋ በግቢው መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ብርቅ ነው፤ መሣሪያዋ ግን በአገሪቱ የውሃና የጤና ባለሙያዎች ዘንድ እንግዳ አይደለችም። ኮሌራ ተነሳ ሲባል ከቦርሳ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። ለገንዳ የታሰበ መሣሪያ ለጀሪካን ውሃም የሚሠራው በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው፤ ከተጨመረው ክሎሪን አሁን በዚህች ሰዓት ስንቱ ቀርቷል?

አሠራሯ ቀላል ነው። በሳጥኗ ውስጥ ጎን ለጎን ውሃ የሚሞላባቸው ክፍሎች አሉ። ባለሙያው ቧንቧውን ለጥቂት ጊዜ አፍስሶ ውሃ ይቀዳል፤ በአንዱ ክፍል ዲፒዲ 1 የምትባለውን ክኒን፣ በሌላው ፌኖል ሬድ የምትባለውን ይጨምራል። ክኒኖቹ በእጅ አይነኩም፤ ከማሸጊያቸው ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የሚገቡት። ክዳኑ ተገጥሞ ሳጥኗ ጥቂት ጊዜ ስትገለባበጥ በአንድ በኩል ያለው ውሃ ሮዝ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ያለው እንደ ውሃው ጠባይ ከቢጫ እስከ ቀይ ይለያያል። ሮዙ የክሎሪኑ መጠን ነው፤ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ በዝቷል ማለት ነው። ሌላው ፒኤች ነው። ባለሙያው ሳጥኗን ወደ ብርሃን አንስቶ ቀለሙን ከጎኑ ካለው መለኪያ ጋር ያስተያይና "ሬዚጁዋሉ 0.5 ነው" ይላል።

ይህ "ሬዚጁዋል" የሚባለው ነው በአማርኛ ቀሪ ክሎሪን ሊባል የሚገባው።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ እንደገባ ሥራ ፈትቶ አይቆይም። ደለል፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሟሟ ብረት፣ ላብ፣ ሽንት፣ ጀርም፣ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ እያጠቃም ራሱ ያልቃል። ውሃው በዚህ መንገድ የሚበላው መጠን የክሎሪን ፍጆታ ነው። ፍጆታው ተሟልቶ የሚተርፈው ደግሞ ቀሪ ክሎሪን ይባላል። እንበልና በበጋ ከጠራ ምንጭ በተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም ክሎሪን ተጨመረ፤ ውሃው ግማሽ ሚሊግራም ቢበላ አንድ ተኩል ይተርፋል። ያው 2 ሚሊግራም በሐምሌ ከጃቢ ጠህናን ወረዳ ቀይ አፈር ጎርፍ የገባበት የእጅ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቢጨመር ጠቅላላው በጭቃው ተበልቶ ምንም ላይተርፍ ይችላል። የተጨመረው እኩል ነው፤ አንዱ ቤት ይጠጣል፣ ሌላው ቤት ይታመማል።

"ቀሪ" የሚለው ቃል ግን አንድ እንከን አለበት። ትምህርት ቤት ውስጥ ቀሪ ማለት ያልመጣ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ "ቀሪ ክሎሪን" ሲባል ክሎሪኑ የጎደለ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። የሚያድነው ሁሉም የሚያውቀው "ቀሪ ሂሳብ" ነው። ባንክ የሄደ ሰው ባለፈው ወር ስንት እንዳስገባ ሳይሆን ዛሬ ስንት እንዳለው ነው የሚጠይቀው፤ ቀሪ ክሎሪንም በዚሁ መንገድ ይነበባል። "ተራፊ ክሎሪን" ቢባልም ስህተት አይሆንም፤ ግን ተራፊ ሲባል የማያስፈልግ ትርፍ ይመስላል። ይህ ደግሞ ጨርሶ ያልሆነ ነው። ቀሪው በኋላ የሚመጣውን ጀርም የሚጠብቅ ዘብ ነውና።

የከፋው ችግር ከቀሪ ጋር አብሮ በሚመጣው "ፍሪ ክሎሪን" ላይ ነው። ቃል በቃል "ነፃ ክሎሪን" ሲባል አንዳንዱ "ከክሎሪን ነፃ" ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ትርጉሙ ተገልብጦ አረፈው። ሐሳቡ ከሌላ ነገር ጋር ያልተጣበቀ፣ እጁ ያልተያዘ ክሎሪን ማለት ነው። ስለዚህ "ያልተያዘ ክሎሪን" ቢባል ይሻላል፤ ተቃራኒውም "የተያዘ ክሎሪን" ይሆናል። የተያዘው ከላብና ከሽንት በሚመጣ አሞኒያ ተጠምዶ ክሎራሚን የሆነው ነው። ውሃው ውስጥ አለ፤ ጀርም የመግደል ጉልበቱ ግን እጅግ የደከመ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው የመዋኛ ገንዳን ሽታ በሌላ ዓይን ያያል። በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ሆቴል ገንዳ ዳር የቆመ እንግዳ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ሲሸተው "ክሎሪን አብዝተውበታል" ይላል፤ ዓይን ሲቀላም ወቀሳው ያው ነው። ሽታው በብዛት የሚመጣው ግን ከተያዘው ክሎሪን ነው። ገንዳው የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ ያልተያዘው ስላነሰ ነው፤ መድኃኒቱም ዋናተኞች ሳይገቡ ሰውነታቸውን እንዲታጠቡ ማድረግና የተያዘውን አቃጥሎ የሚያስወግድ በቂ ክሎሪን መጨመር ነው።

ቀሪ ክሎሪን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ዓለም በሪዮ ኦሎምፒክ በግልጽ አይቷል። ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ በዋናው ገንዳ ሲዋኝ፣ በዚያው ዕለት በሌላው ሥፍራ፣ በማሪያ ሌንክ ማዕከል፣ የጠለቃ ውድድሩ ገንዳ በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ኩሬ አረንጓዴ ሆነ። በኋላ አዘጋጆቹ እንዳስረዱት ከቀናት በፊት አንድ ሥራ ተቋራጭ 80 ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገንዳዎቹ ውስጥ ጨምሮ ነበር። ፐርኦክሳይድ ብቻውን ሲሆን ውሃ ያጸዳል፤ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ግን አንዱ ሌላውን ያከሽፋል። ክሎሪኑ ሥራው ሲቀር አልጌ አበበ። የዓለም ምርጥ ዋናተኞች የተሰበሰቡበት፣ ባለሙያና ገንዘብ ያልጎደለበት ቦታ ነበር።

ቀሪው መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ጉልበት ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ፒኤች ነው። ፒኤች የውሃ ወይም የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ ሲወርድ ወደ ኮምጣጣ፣ ሲወጣ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቃሉን ከግብርና ባለሙያ አፍ ሰምቶታል፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ማሳው ኮምጣጣ ሆኖ ማዳበሪያው አልሠራ ሲል ኖራ የሚበተነው ይህንኑ ቁጥር ከፍ ለማድረግ ነው። በውሃ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ፒኤች 7.2 ላይ ካልተያዘው ክሎሪን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኃይለኛው ገዳይ፣ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው። 7.5 ላይ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ 8 ሲደርስ አንድ አራተኛ ያህል፣ 8.5 ላይ ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ይቀራል። የቀረው ሃይፖክሎራይት የሚባለው ደካማ ወንድሙ ነው። ፑል ቴስተር ሁለት ክፍል የተሰጣት ለዚህ ነው፤ የክሎሪኑን ቁጥር ብቻ አንብቦ ፒኤቹን የተወ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለገንዳ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ዱቄት ክሎሪን፣ ኤችቲኤች የሚባለው፣ ራሱ ፒኤችን ወደ ላይ ይገፋል። ገንዳው ደፈረሰ ተብሎ ኤችቲኤች ይጨመራል፤ ፒኤቹ ይወጣል፤ ክሎሪኑ ይደክማል፤ አሁንም ደፈረሰ ተብሎ ይጨመራል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው አሲድ ነው እንጂ ሌላ ክሎሪን አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ለመዋኛ ገንዳ የሚመክረው ፒኤች ከ7.0 እስከ 7.8፣ ያልተያዘው ክሎሪን ደግሞ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም እንዲሆን ነው። አሲዱና ክሎሪኑ ግን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጊዜ፣ በምንም ምክንያት አይገናኙም፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅሎ ወለል የሚያጥብ ሰው ራሱን ለዚሁ አደጋ አሳልፎ ይሰጣል።

ፀሐይም ሌላዋ በይ ናት። ጥላ የሌለው ገንዳ አብዛኛውን ክሎሪን በአንድ ብሩህ ቀን ሊያጣ ይችላል፤ ፍኖተ ሰላምን በመሰለ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አገር ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ክሎሪኑን የበላው ፀሐይ ይሁን ቆሻሻ ለመለየት ባለገንዳዎች ጥሩ ዘዴ አላቸው። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይለካሉ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዳግም ይለካሉ። ሌሊቱን ከ1 ሚሊግራም በላይ ከጠፋ ጥፋቱ የፀሐይ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ አልጌ ወይም ሌላ የሚበላ ነገር አለ።

ጅጋ ውስጥ የገንዳውን ቦታ የያዘው ሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጣሪያ ወይም ማማ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ለቀናት ውሃ ያቆያል፤ ከመስመሩ ሲወጣ ክሎሪን የነበረው ውሃ ሮቶው ውስጥ ሲሰነብት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ደለል ከያዘ ደግሞ ይፈጥናል። በ2,000 ሊትር ሮቶ በሊትር 2 ሚሊግራም ለማስገባት 4 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል፤ 65 በመቶ ጥንካሬ ባለው ኤችቲኤች ሲሰላ ወደ 6 ግራም ይመጣል። ዱቄቱ አስቀድሞ በባልዲ ውሃ ይሟሟል፤ የማይሟሟው ነጭ አተላ ይቀርና የጠራው ወደ ሮቶው ይገባል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ቧንቧው ላይ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚለው ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ፣ ፒኤቹ ከ8 በታች ሆኖ፣ ቀሪው ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም እንዲሆን፣ ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም ከ0.2 እንዳያንስ ነው። የላይኛው ወሰን 5 ነው፤ ሰው ግን ጣዕሙን ከዚያ በጣም ቀድሞ ያውቀዋል።

በጀሪካን ለሚቀዳ ቤት "ውሃ አጋር"ን የመሰለ ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይመረጣል፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በረኪና ብቻ ባለበት፣ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ከሆነ፣ ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ ከ1 ሚሊሊትር ያነሰ ይበቃል። በሙቀትና በጊዜ ብዛት ጉልበቱ ስለሚወርድ ግን ሱቅ ውስጥ የከረመ በረኪና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሆንም። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ሊጠልልና በንጹሕ ጨርቅ ሊጠለል ይገባዋል። እንደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ያለው ጥገኛ ደግሞ ክሎሪንን ስለሚቋቋም ሕፃንና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ማፍላት ይጨመርበታል።

ቀሪው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ብዙ ምእመን በጠበበ ሥፍራ፣ በቂ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሳይኖር ሲሰበሰብ ኮሌራ ገባ። እንዲህ ባለ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ በቦኖ ላይ 1፣ በቦቴ ሲሞላ 2 ሚሊግራም በሊትር። ቦቴው ላይ ብዙ የሚሆነው ከቦቴ ወደ ጋን፣ ከጋን ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ኩባያ ሲሄድ በየዕቃው እየተበላ ስለሚሄድ ነው። መለኪያው መጨረሻ ላይ ካለው ዕቃ፣ ሰው ከሚጠጣበት፣ መወሰድ አለበት፤ ቦቴው ላይ ብቻ ለክቶ የሚመለስ ባለሙያ የጠጪውን ውሃ አልለካም።

የሚለካውም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ማታለያ አለ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ የዲፒዲን ሮዝ ቀለም ራሱ ያነጣዋል፤ ውሃው ሳጥኗ ውስጥ ያለ ቀለም ይቀራል፤ "ዜሮ ነው" ተብሎም ሌላ ክሎሪን ይጨመርበታል። ኤችቲኤች ገና በተጨመረበት ሮቶ ወይም ገንዳ ላይ ሮዝ ብልጭ ብሎ ወዲያው ከጠፋ፣ ናሙናው አንድ እጅ፣ ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውሃ አራት እጅ ተደርጎ እንደገና ይለካል፤ የተገኘውም ቁጥር በአምስት ይባዛል።