አዩብ ኦማያ፦ ወደ አንጎል በር የከፈቱት ሐኪም



ከሙስሊሙ ዓለም የወጡ ሐኪሞች ሲነሱ ኢብን ሲናን እና አዝ-ዘህራዊን እንጠራለን፤ ከዚያ በኋላ ዝም እንላለን። ታሪኩ ከሺህ ዓመት በፊት ያበቃ ይመስለናል። አላበቃም። ዛሬ በአባቶቻችን ዘመን የኖሩ አንድ ሐኪም እናስታውሳችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዩብ ካን ኦማያ በ1930 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ሚያን ቻኑ ከተማ ተወለዱ። ላሆር ሕክምና ተምረው በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ገቡ። በ1961 ደግሞ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በተመራማሪነት ተሻገሩ።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞችን የሚያስጨንቅ አንድ ችግር ነበር። የአንጎላችን የደም ሥሮች እንደ ጥብቅ ዘበኛ ናቸው፤ መርዝን ይከለክላሉ፣ ግን ብዙ መድኃኒትንም አብረው ይመልሳሉ። ስለዚህ ለአንዳንድ የአንጎል ሽፋን በሽታዎች መድኃኒቱ በታማሚው ወገብ በኩል በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ያውም ደጋግሞ፣ በብዙ ስቃይ።

ዶክተር ኦማያ በ1963 መላ አመጡ። ሳንቲም የምታህል ለስላሳ ጉልላት ከራስ ቆዳ ሥር ይቀበራል። ከእሷ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ በራስ ቅል ቀዳዳ አልፎ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጉልላቷን በቀጭን መርፌ ወግቶ መድኃኒት ይሰጣል፣ ፈሳሽም ይቀዳል። መሣሪያው እስከ ዛሬ በስማቸው «ኦማያ ሪዘርቯር» ይባላል፤ ካንሰር ወደ አንጎል ሽፋን የደረሰባቸው ሰዎች አሁንም ይታከሙበታል።

እሳቸው ግን በዚህ አላቆሙም። ብዙዎቻችን አንጎል የሚጎዳው ጭንቅላት ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ብቻ ይመስለናል። ዶክተሩና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ጭንቅላት ምንም ሳይነካው በድንገት በኃይል ሲወዛወዝ ብቻ አንጎል ሊደማ እንደሚችል አሳዩ። በ1974 ከቶማስ ጄናሬሊ ጋር ባወጡት ጥናት ደግሞ ጉዳቱ ከአንጎል ላይኛው ክፍል ጀምሮ፣ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አስረዱ። ሰው ራሱን የሚስተው ለምን እንደሆነ በዚህ መልኩ ተነተኑት።

ይህ እውቀት ከቀዶ ሕክምና ክፍል አውጥቶ ወደ መንገድ ወሰዳቸው። የተቀደደ አንጎል ተመልሶ እንደማይሰፋ ያውቁ ነበርና፣ በ1980ዎቹ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሕክምና አማካሪ ሆኑ። የአካል ጉዳት እንደ ወረርሽኝ እንዲጠናና አስቀድሞ እንዲከላከሉት ወተወቱ። ውትወታቸው የ1985ቱን ታላቅ ሪፖርት አስገኘ፤ ሪፖርቱም በሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሥር ለጉዳት መከላከል ራሱን የቻለ ተቋም እንዲመሠረት መንገድ ጠረገ።

የሰው ልጅ ግን ደካማ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌሎችን አንጎል ሲጠብቁ የኖሩት ሐኪም በመጨረሻ በአልዛይመር፣ ማለትም በመርሳት በሽታ ተያዙ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በሐምሌ 2008 ኢስላማባድ ውስጥ አረፉ። እሳቸው ሥራቸውን ቢረሱም ሥራቸው ግን አልረሳቸውም፤ ስማቸው ዛሬም በየሆስፒታሉ ይጠራል።

ወጣቶች ሆይ! ሁላችንም የአንጎል ሐኪም አንሆን ይሆናል። ሞተር ላይ ስንወጣ ሄልሜት ማድረግ፣ መኪና ስንገባ ቀበቶ ማሰር ግን ሁላችንም እንችላለን። አንጎል አማና ነው፤ አማናን ደግሞ ሳይሰበር ነው መጠበቅ።