የሞቴጊ ሞላላ መሥመር፦ ርዕደ መሬትና የመኪና እሽቅድድም በደሴቶች አገር

ለእሽቅድድም የተሠራ መንገድ ከሌላው የሚለየው ጥቂት ጉድለት እንኳ የማይችል በመሆኑ ነው። በተራ ጎዳና ላይ ሹፌሩ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ስንጥቅ ወይም እብጠት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚከንፍ መኪና የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሬት በተናወጠች ጊዜ ከአስፋልቱ ሥር ያለው አፈር የደረሰበትን ጉዳት የእሽቅድድም ሜዳ ፈጥኖ ያጋልጣል። በ2003 ዓ.ም. የጃፓንን ደሴቶች የመታው አደጋና የሞቴጊ ሜዳ ታሪክ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው።

ሞቴጊ በሆንሹ ደሴት፣ ከቶክዮ በስተሰሜን ባለው በቶቺጊ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ በኮረብታዎች የተከበበች አነስተኛ ከተማ ናት። የሆንዳ ኩባንያ በ1989 ዓ.ም. በዚያ የከፈተው ሜዳ ሁለት መሥመሮችን ያጣመረ ነበር፤ አንደኛው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞላላ፣ ሁለተኛው 4.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ጠመዝማዛ ነው። ጠመዝማዛው በሞላላው ሥር በመሿለኪያ ያልፋል። ሞላላው የታወቀው በአሜሪካው የኢንዲ ውድድር ነበር፤ ዳኒካ ፓትሪክ ሚያዝያ 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚያ አሸንፋ በዚህ የውድድር ዓይነት ድል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) ከቀትር በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ አቅራቢያ መጠኑ 9.0 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። ተከትሎት የመጣው የባሕር ማዕበል የጠረፍ ከተሞችን ጠራርጎ ወሰደ፤ የሞቱትና የደረሱበት የጠፋው ሰዎች ከ18 ሺህ በላይ ሆኑ። ከፉኩሺማ ዳይ-ኢቺ የኑክሌር ኃይል ጣቢያም ጨረራ አመለጠ። ሞቴጊን ከባሕር ርቃ በመገኘቷ ማዕበሉ አልነካትም፤ ንውጽውጽታው ግን አልማራትም። በቶቺጊ በሚገኘው የሆንዳ ምርምር ማእከል ግድግዳ ወድቆ አንድ ሠራተኛ ሲሞት፣ የእሽቅድድሙ ሜዳም ተጎዳ።

በደሴት ላይ የሚኖር ሕዝብ መከራ በመጣበት ጊዜ የሚሸሽበት ሰፊ የብስ የለውም፤ ነዳጁም የሚደርሰው በመርከብ ነው። የቤንዚን ሰልፍ በረዘመበት፣ በቶክዮና በአካባቢው መብራት በተራ በሚጠፋበት በዚያ ወራት፣ ለሚያዝያ 16 ቀን ተወስኖ የነበረው የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር ወደ መስከረም 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ተላለፈ። ቀኑ ሲቃረብም ኬሲ ስቶነርንና ሆርሄ ሎሬንዞን የመሳሰሉ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ጨረራውን በመፍራት ለመሄድ አመነቱ፤ ጣቢያው ከሜዳው የሚርቀው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበርና። አንድ ገለልተኛ የጣሊያን የአካባቢ ጥበቃ ተቋም መርምሮ አደጋው እጅግ አነስተኛ መሆኑን ከገለጸ በኋላ ግን ተወዳዳሪዎቹ መጡ፤ ዳኒ ፔድሮሳም በሆንዳ ሞተር ሳይክል አሸነፈ። ለፍርሃቱ ልክ ያበጀለት ልኬት ነበር።

የሞላላው ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። መስከረም 7 ቀን 2004 ዓ.ም. የተካሄደው የኢንዲ ውድድር፣ ሞላላው በመጎዳቱ ምክንያት ወደ ጠመዝማዛው ተዛውሮ ስኮት ዲክሰን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የኢንዲ ውድድር ወደ ጃፓን አልተመለሰም፤ ሞላላውም ለታላላቅ ውድድር አልዋለም። ያው መሬት በአንድ ጊዜ ተናውጦ ሳለ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት የሚነዳበት መሥመር ሲድን ከፍተኛ ፍጥነት የሚጠይቀው ቀረ።

ይህ የሩቅ ደሴት ታሪክ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል ቢኖር፣ ከተማችን በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ የተቀመጠች መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን አናውጧል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ደግሞ ማጀቴን አፍርሶ አውራ ጎዳናውን ሰነጣጥቋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ንውጽውጽታዎች እስከ መዲናችን ተሰምተዋል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከመካኒሳ ወደ ለቡ ስንወርድ፣ በክረምት የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ እናገኛለን፤ ተዳፋቱም እየተቆረጠና እየተሞላ መንገድና ሕንፃ ተሠርቶበታል። እዚህ የኢንዲ መኪና አይሮጥም። ነገር ግን በአደጋ ቀን አምቡላንሱና የእሳት አደጋ መኪናው የሚሽቀዳደሙት በእነዚሁ ጎዳናዎች ላይ ነው። ስለሆነም የሙሌቶቻችንንና የድልድይ መግቢያዎቻችንን ከፍታ በሰላሙ ጊዜ ለክተን በመዝገብ ማኖር የሙያ ግዴታችን ነው። አስቀድሞ ያልተለካ መንገድ ከንውጽውጽታ በኋላ ምን ያህል እንደ ሰመጠ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የትኛው ለአምቡላንስ እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስነውም ሰው በግምት ይፈርዳል።