ርስተኛው ጠበቃና ዳኛ፤ የብቸናና የሞጣ ሕዝብ በ1960 ዓ.ም. የግብር ዐዋጅ ፊት

ጠበቃነት፣ ሕግ አውጪነትና ዳኝነት ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ አንድ ሰው ሦስቱንም በተራ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ዴቪድ ዴቪስ የተባለው የኢሊኖይ ጠበቃ የግዛቱ ምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎም ዳኛ ከሆነ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 በአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሾመ። በምሥራቅ ጐጃም ግን ከእነዚህ ሥራዎች ሁለቱን ርስተኛው ገበሬ ያለ ሹመት ይሠራቸው ነበር።

ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር። ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ ቈጥሮ በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት፤ ስለዚህም ንግግር ዐዋቂነት እጅግ የተከበረ ነበር። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ለራሱ ጠበቃ ይሆናል፤ መንገደኛም ሳይቀር ተለምኖ ለዳኝነት ይቀመጣል፤ በአደባባዩ የተገኘውም ሰው አስተያየቱን ይሰጣል።

ሦስተኛው ሥራ፣ ሕግ ማውጣት፣ ከዚህ አደባባይ የራቀ ነበር። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተወሰነ፤ ይሁን እንጂ ለመመረጥ የንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ የወጣው ከዚህ ፓርላማ ነው።

ዐዋጁ የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ እንዲገመት ያዝዛል። በጐጃም ግን መሬቱ ያልተለካ፣ የትውልዱም የጋራ መብት ያለበት ነበር። ስለዚህ ገማች ሲመጣ ሕዝቡ ያየው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚከተለውን ቀላድ ነው፤ ቀላድ ከተጣለ ርስተኛው ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ፈራ። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የነበረውም ቅሬታ ተጨመረበት። አቤቱታው ሰሚ ባጣ ጊዜ የብቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬዎች መሣሪያ አነሡ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቊ ሥላሴ ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ።

ይህን ዐመፅ ግብር ከመጥላት ብቻ የመነጨ አድርጎ መቍጠር ትክክል አይመስለንም። ገበሬው ዐዋጁን የተመለከተው በርስቱ ላይ እንደ ተነሣ ሙግት ነው፤ በልማዱም ሁለቱ ወገኖች ሳይሰሙ የተሰጠ ፍርድ አይጸናም። ርስትም ራሱ የቀረው በሌላ ዐዋጅ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ በየፍርድ ቤቱ የነበረው የገጠር መሬት ክርክር ሁሉ እንዲቋረጥ አዘዘ። በዚያ ቀን ከርስቱ ጋራ፣ ገበሬውን ጠበቃም ዳኛም ያደረገው አደባባይ ዋና ጉዳዩን ዐጣ።