የደበዘዘ የመኪና የፊት መብራት፦ በቤት ማደስና መቀየር

የመኪና የፊት መብራት እድሳት ማለት በፀሐይና በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነውን ወይም ጉም የመሰለውን የመብራት ሽፋን ፍቆ፣ ወልውሎና አዲስ መከላከያ ቀብቶ እንደገና ማጥራት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአምፖል ለውጥና የብርሃኑን አቅጣጫ ከማስተካከል ጋር አብሮ ይሠራል፤ እድሳት የማይመልሰው ሲሆን ደግሞ ሙሉው መብራት ይቀየራል። ልዩ ማሽን ስለማይጠይቅ ባለመኪናው ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ችግሩ ውጤቱ የሚመዘነው አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ ከመኪናው ፊት ተቁሞ መሆኑ ነው። የፊት መብራት የተሠራው ግን እንዲያሳይ እንጂ እንዲታይ አይደለም፤ ስለዚህ መመዘኛው የሽፋኑ ማብረቅረቅ ሳይሆን በጨለማ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጠንና ቅርጽ ሊሆን ይገባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከተለመዱት ዘዴዎች ገሚሱ ይወድቃል።

መደብዘዝ ከፕላስቲክ ጋር የመጣ ችግር ነው። በአሜሪካ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ሲሠራበት የኖረው አንድ ላይ የታሸገ የመስታወት መብራት ነበር፤ ሲቃጠል ሙሉው ተነቅሎ ይጣላል፣ መስታወቱ ግን ቢጫ አይሆንም። ይህን ዓይነት ብቻ የሚፈቅደው ደንብ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲላላ አምፖሉ ለብቻው የሚወጣ፣ ሽፋኑም ከፖሊካርቦኔት የተሠራ መብራት ገበያውን ያዘ። ፖሊካርቦኔት ቀላል ነው፣ በጠጠር ቶሎ አይሰበርም፣ መኪናው የፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፤ ነገር ግን ገጹ በቀላሉ ይጫራል፣ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይጎዳዋል። ለዚህ ሲባል ፋብሪካው ስስና ጠንካራ መከላከያ ይቀባዋል። ቅቡ በፀሐይና በአቧራ ብዛት ሲሰነጣጠቅና ሲላጥ ጨረሩ ፕላስቲኩን ራሱን ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀኑን ሙሉ ደጅ ለሚውል መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች በመንገድ ላይ ያሉት ቪትሶችና ኮሮላዎች ከነመብራታቸው ገና ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም።

እድሳት ምን ያህል እንደሚመልስ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ፍተሻ ክፉኛ የደበዘዘ ሽፋን ያለው መብራት በአጭር መብራት የሚሰጠው ብርሃን የአዲሱን 22 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከታደሰ በኋላ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመለሰ፤ ባለሙያ ያደሰውና በቤት የታደሰውም ተቀራራቢ ነበሩ። የፋብሪካው ዋና ዕቃ ሲገጠም 100 በመቶ፣ በሌሎች አምራቾች የተሠራው ምትክ ከ83 እስከ 90 በመቶ ሰጥቷል። እነዚህ ቁጥሮች ለሁለት ተቃራኒ ወገኖች መልስ ናቸው። «በቤት የሚሠራ ነገር ጨዋታ ነው» ለሚል፣ በጥቂት ወጪ ብርሃኑ ሦስት እጥፍ ማደጉ ጨዋታ አይደለም። «እንደ አዲስ ሆነልኝ» ለሚለው ደግሞ ሠላሳ በመቶው አልተመለሰም፤ በዚያው ፍተሻ የታደሱት መብራቶች ከሚፈቀደው በላይ ብርሃን ይበትኑ ነበር። ለዓይን የጠራ የሚመስል ገጽ ላይ የቀሩ ጥቃቅን ጭረቶች ብርሃኑን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይረጩታል፣ ይህም ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ያውካል።

እዚህ ላይ የጥርስ ሳሙና መነሳቱ አይቀርም። አይሠራም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ውስጡ ለስላሳ መፈቅፈቂያ ስላለው የላይኛውን ቢጫ ያነሳል፣ ለቦሎ ሰሞንም ይበቃል። የሚጎድለው መጨረሻው ነው። ተፍቆ ያለ መከላከያ የተተወ ፖሊካርቦኔት ከቀድሞው ይልቅ ለፀሐይ የተጋለጠ በመሆኑ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል። የትንኝ መከላከያ መርጫ መቀባት ከዚህም የባሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል የፕላስቲኩን ገጽ አሟሙቶ ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው ብቻ ያጠራ ይመስላል። ትክክለኛው ሥራ ሽፋኑን በሳሙና አጥቦ፣ ዙሪያውን ያለውን የመኪና ቀለም በፕላስተር ከልሎ፣ በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት መፈቅፈቅ ነው። ከ800 ቁጥር ተጀምሮ ወደ 1000፣ 2000 እና 3000 ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀድሞውን ጭረት ሳያጠፋ ወደሚቀጥለው መዝለል አይገባም፣ ሰዎች ቸኩለው የሚያበላሹትም እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ በመሀል ከመነሻው ይልቅ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ መደንገጥ አያስፈልግም፣ አሮጌው ቅብ ሙሉ በሙሉ የሚነሳው በዚያ ደረጃ ነው። ከዚያ ፖሊሽ፣ ቀጥሎ ቅባቱን የሚያነሳ አልኮል፣ በመጨረሻም ክሊር የሚባለው አልትራቫዮሌት የሚከላከል ጥርት ያለ ቅብ አቧራ በሌለበት ቦታ ይቀባል። ክሊሩ ከሌለ ቀኑን ሙሉ የተደከመበት ፍቂያ ጉዳቱን ከማፋጠን አያልፍም።

የብርሃን ማነስ ሁሉ ግን ከሽፋኑ አይመጣም። የብርጭቆ ወረቀቱ ከመነሳቱ በፊት አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መለካት ይሻላል፤ ባለ ክር አምፖል ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የዛገ ሶኬት ወይም ከቦዲው ጋር የሚገናኝ የላላ ሽቦ ይህን ያህል ቮልቴጅ በቀላሉ ይበላል፣ መፍትሔውም ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። ከውስጥ በኩል የጠቆረ ሽፋን፣ የተቃጠለ ወይም የተላጠ አንጸባራቂ ደግሞ በውጭ ፍቂያ አይድንም። አንጸባራቂው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ በጨርቅ ሲጠረግ አብሮ ይነሳል። በዝናብ ወቅት የሚታይ ቀላል ላበት መብራቱ ሲበራ ከጠፋ አያሳስብም፤ ከሥር ውሃ ከተጠራቀመ ግን ማሸጊያው ለቋል።

አምፖል መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው፣ ክርክሩ የሚነሳው በዓይነቱ ላይ ነው። ሃሎጅን አምፖል መስታወቱን በእጅ ሳይነኩ ይገባል፤ የጣት ቅባት አንድ ቦታ ከመጠን በላይ እንዲግል አድርጎ ዕድሜውን ያሳጥራል። «ለምን በኤልኢዲ አልቀይረውም? የበለጠ ያበራል» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ከብዛት በፊት ቦታ ይቀድማል። አንጸባራቂው የተሰላው ለሃሎጅን ክር ትክክለኛ ስፍራ ነው፤ ኤች 4 በሚባለው የሃሎጅን አምፖል ዓይነት ውስጥ ደግሞ የአጭር መብራቱን ብርሃን ከታች የሚከልል ትንሽ ጋሻ አለ። ኤልኢዲው ይህን ስፍራ በትክክል ካልተከተለ ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ሲደምቅ ሩቁ ይጨልማል፣ ሾፌሩ ግን የተሻለ ያየ ይመስለዋል። ይህ ማለት ኤልኢዲ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጀርመን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተፈተሹ የመኪና ሞዴሎች ብቻ አንዳንዶቹን ፈቅዳለች። ከመደርደሪያ ላይ እንዲሁ ተነስቶ የሚገጠመው ግን በዚያ ዓይነት ፍተሻ ያለፈ አይደለም።

ሙሉ መብራት ለመቀየር የወሰነ ሰው፣ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ፣ ከዋጋው በፊት መብራቱ ለየትኛው የመንገድ ጎን እንደተሠራ ይጠይቅ። አጭር መብራት ሚዛናዊ አይደለም፤ ወደ መንገዱ ዳር በኩል ከፍ ይላል። ኢትዮጵያ በ1964 እ.ኤ.አ. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሻገረች ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት እዚህ ሲገጠም ከፍታውን ወደሚመጣው መኪና ያዞራል። በአቅጣጫ ማስተካከያ ብሎን ይህን ቅርጽ መለወጥ አይቻልም። ቅርጹ ትክክል የሆነውን መብራት ለማስተካከል መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ በተለመደው የ1 በመቶ ዝቅታ መሠረት የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከመለካቱ በፊት የጎማው ንፋስ ይስተካከላል፣ ከባድ ጭነት ይወርዳል፤ መሪው አካባቢ የመብራት ከፍታ መቆጣጠሪያ ያለው መኪና ከሆነም ዜሮ ላይ ይደረጋል።