ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ፦ ብስክሌትና የብዙኃን ትራንስፖርት በአቃቂ ቃሊቲ

አቃቂ ከመሐል አዲስ አበባ ቀድማ ባቡር ያየች ሥፍራ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መዲናዋ ለመግባት ሁለት ዓመት ወስዶበታል። ዛሬ በመዲናዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ፣ የመጋዘን፣ የጉምሩክና የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ሆኗል። ከወደብ የሚመጣው የጭነት መኪናም፣ ማለዳ ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሠራተኛም፣ አትክልቱን ለገበያ የሚያደርሰው አርሶ አደርም የሚጠቀሙት ያንኑ ዋና መንገድ ነው።

ለዚህ መጨናነቅ አንዱ መፍትሔ የብዙኃን ትራንስፖርት ነው። አንበሳ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1935 ዓ.ም ነው። ቀላል ባቡር ደግሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም በሰሜን ደቡብ መስመር ሥራ ጀመረ። ይህ መስመር ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በመርካቶ፣ በልደታ፣ በሜክሲኮና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ ድረስ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። ይሁን እንጂ በኋለኞቹ ዓመታት በመለዋወጫ ዕጥረት በርካታ ባቡሮች በመቆማቸው ተሳፋሪው ለረጅም ሰልፍና ለመጨናነቅ ተዳርጓል።

የአውቶቡስ ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። 60 ሰዎችን በቤት መኪና ለማጓጓዝ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰው ቢሳፈር እንኳ 15 መኪና ያስፈልጋል። አንድ የከተማ አውቶቡስ ግን ብቻውን ያደርሳቸዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ የነዳጅ ወጪንና ጭስን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ግን በመንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው።

የባቡሩ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በዙሪያቸው ለሚኖረው ሰው ግን ጉዞው ከዚያም ይቀጥላል። ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ብዙ ጊዜ ይኸው በቤትና በጣቢያ መካከል ያለው ርቀት ነው። ብስክሌት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በ15 ደቂቃ ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በብስክሌት የሚጓዝ ግን በዚያው ጊዜ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ በሦስት እጥፍ ሲያድግ ጣቢያው የሚያገለግለው አካባቢ ስፋት በዘጠኝ እጥፍ ያድጋል።

የመሬቱ አቀማመጥም ለዚህ ያግዛል። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ እያዘቀዘቀች ወደ አቃቂ ሜዳ ትወርዳለች። ከቃሊቲ ፒያሳ በብስክሌት መውጣት አድካሚ ነው፤ በሜዳው ላይ ከቤት እስከ ጣቢያ መሄድ ግን ቀላል ነው። በጣና ዳርቻ በሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ባሕር ዳር ለዚህ ምስክር ናት፤ በዚያ ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው።

ዳገቱን ባቡርና አውቶቡስ፣ ሜዳውን ብስክሌት እንዲሸፍን ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት የቃሊቲ መንገድ ላይ በቀለም ብቻ የተሰመረ የብስክሌት መስመር በቂ አይደለም፤ በጠርዝ ድንጋይ ሊለይ ይገባል። ሁለተኛው በጣቢያው አጠገብ ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ ነው። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ባቡር ጣቢያ 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ አለው። ለቃሊቲ ይህን ያህል ባያስፈልግም፣ ብስክሌቱ እንደማይሰረቅ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ጣቢያው በር ላይ አቁሞት አይሳፈርም።

ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርጎ ለእግረኛና ለብስክሌት ከፍቷል። ማለዳ ወደ ሥራ የሚወጣው የአቃቂ ነዋሪ የሚፈልገው ግን በሥራ ቀንም የማይዘጋ መስመር፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ባቡርና ማታ ሲመለስ ባቆመበት የሚጠብቀው ብስክሌት ነው።