ማሲንቆውን ዝም ያሰኘው ማን ነው?

ባለፈው ጥር ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ኪቦርዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ካንጫጫን በኋላ አዝማሪው ተጠራ። ማሲንቆውን ጉልበቱ መካከል አስደግፎ ደጋኑን ሲስብ እጁ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። የሳውንዱ ልጅ ሮጦ መጣና የዘፋኙን ማይክ ዝቅ አድርጎ ወደ ማሲንቆው አዞረው። ስፒከሩ አፏጨ። ሲቀንሰው ማሲንቆው ጠፋ፤ ሲጨምረው እንደገና አፏጨ። በሦስተኛው ሙከራ አዝማሪው ማሲንቆውን ግድግዳ አስደግፎ በኪቦርድ ዘፈነ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «ድሮ እኮ ያለ ማይክም ይሰማ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያኔ ቤቱ ጠባብ ነበር፣ አዝማሪው ከፊትህ ቆሞ ስምህን እየጠራ ነበር የሚጫወተው፣ ከጎኑም የሚንጫጫ ኪቦርድ አልነበረም። ማሲንቆ ዘመን ስላለፈበት ነው የጠፋው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አይመስለኝም። ያጠፋው አንድ ቴክኒካዊ ስህተት ነው፤ እሱም ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ የተቀዳው በጊታር ወይም በሳክስፎን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ውስጥ የተሰማ እሸቴ ድምፅ ነው የተቀዳው። ያኔ ማይክራፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ቤት አልነበረም። ዘፋኙ ትልቅ ቀንድ በሚመስል ጥሩንባ ፊት ይቆማል፣ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙ ላይ ይጽፋል። ድምፅ ለማሳደግ የነበረው ብቸኛ ዘዴ መጠጋት ነበር። ይህችን ነገር ያዟት፤ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ውስጥ ኢ. ሲ. ዌንት የሚባል መሐንዲስ ኮንደንሰር ማይክራፎንን ሠራ። በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1925፣ የኤሌክትሪክ ቀረጻ ገበያ ላይ ዋለ። የኮንደንሰር ብልሃቱ ቀላል ነው። እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ከአንድ ሳህን ፊት ተወጥሮ በድምፅ ሲርገበገብ በመካከላቸው ያለው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል። በየሰርጉ የምናየው ባለ ክብ ራሱ ማይክ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ ዳይናሚክ ይባላል። ድምፁ የመዳብ ሽቦ ጥቅል መግፋት አለበት። አፉን ማይኩ ላይ ለሚያስጠጋ ዘፋኝ ግሩም ነው፤ የፈረስ ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ ለሚወጣው ቀጭን ድምፅ ግን ከባድ በር ነው። ኮንደንሰሩ ያን ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ዕዳው መብራት መፈለጉ ነው፤ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ይላክለታል።

ለረጅም ጊዜ ኮንደንሰር ውድና ከስቱዲዮ የማይወጣ ዕቃ ነበር። ያን የለወጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌስትና ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ናቸው። ኤሌክትሪኩን በራሱ ይዞ የሚቆይ ስስ ፕላስቲክ ተጠቀሙ፤ ማይኩ የጣት ጫፍ ሊያክል ቻለ። ዛሬ በክሊፕ መሣሪያው ላይ የሚቆነጠጠው ማይክ የዚህ ልጅ ነው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ምን ላይ ነበረች? እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሞ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን አንድ መድረክ ላይ አሰለፈ። ከተማውን የወሰደው ግን ባንድ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ወደ ሳክስፎን አሻገረው፤ ሳክስፎን ደግሞ ማይክ አይለምንም። መድረኩም ስፒከሩም ለጊታርና ለነሐስ ተሰናዳ። ማሲንቆው እንግዳ ሆኖ ነው የገባው።

ክራር በኋላ መውጫ አገኘ። ፒካፕ ተገጠመለት፣ የኤሌክትሪክ ክራር ራሱን የቻለ ድምፅ ሆነ፤ ደስ ይላል። ማሲንቆ ላይ ግን ፒካፕ ስትለጥፍ የቆዳውንና የሳጥኑን ድምፅ ትተህ ንዝረቱን ብቻ ትወስዳለህ። የሚወጣው የተናደደ ትንኝ ነው።

እንግዲህ ያቺን ነገር፣ መጠጋትን፣ አስታውሱ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ማይኩ ከመሣሪያው ጋር ታስሮ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ማሲንቆ ላይ ክሊፑ የሳጥኑን የታችኛውን ጠርዝ ይቆንጥጥ፤ በመካከል ስስ ጎማ ይግባ፣ አለበለዚያ እንጨቱ ይንቋቋል። አንገቱ ታጥፎ ጭራው ቆዳው ላይ ወደሚያርፍበት እንጨት ይመልከት፣ አራት ጣት ያህል ርቆ፣ ከደጋኑ መንገድ ውጭ። ገመዱ አንድ ዙር ላላ ተብሎ ይታሰር። 48 ቮልቱ የሚከፈተው ቻናሉ ተዘግቶ ነው፤ ካልሆነ ስፒከሩ ቡም ይላል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፣ የመድረክ እግር ኮቴ ብቻ ነው። የአዝማሪው ሞኒተርም ማይኩ ጀርባውን በሰጠበት በኩል ይቀመጥ።

ዋሽንት ላይ ክሊፕ አልመክርም። ነፊው በየቅኝቱ ዋሽንት ይቀያይራል፣ በየመሀሉ ማይክ ሲነቅል ሊውል ነው። በመቆሚያ፣ ከትንፋሹ መስመር ትንሽ ገለል ተደርጎ ይሻላል። በገና ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ያ የሚያንዘፈዝፍ ግርማው የሚመጣው በየአውታሩ ሥር ከምትገባው ከእንዚራዋ፣ ከቁራጭ ቆዳዋ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ይንጫጫል» ብሎ ቀጭኑን ድምፅ ሲቆርጥ አሥሩን አውታር አሥር የላስቲክ ገመድ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ካለ የባሕር ዳርን አዝማሪ ይጠይቅ። በ2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ በሰዓት እላፊው ወራት፣ የሌሊት ገበያው ተዘግቶበት ነበር። የቀረው ሰርግና ዩቲዩብ ነበር፤ ሁለቱም የሚያልፉት በማይክ በኩል ነው።

የጥሩን አዝማሪ ከሰርጉ በኋላ አፈላልጌ አገኘሁት። ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩትን ክሊፕ ማይክ አብረን ሞከርን። መጀመሪያ ደጋኑ መታው፣ አወረድነው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ትዝታ ተጫወተና ቆም ብሎ ስፒከሩን አየው። አሁን የራሱን ገዝቷል። ሰርግ ሲሄድ ከማሲንቆው ጋር በአንድ ከረጢት ይዞት ይሄዳል፤ የሳውንድ ልጆችን አያስነካም።